ትልልቆቹ ገጾችና የወንዝ ዳሩ ቤት

ኮዬ ፈጬ፣ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሙንታሲር ሙሀመድአወል፤ ጅቡቲ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። የባሕሩ ወበቅ፣ የብረቱ ግለት፣ የሰው አገር ብቸኝነት አንዱም እንዳይነካህ አላህን እየለመንኩ እጽፍልሃለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። የምንደዋወለው እናትህ ቤት ስሄድ ነውና አክስቴ ላጢፋ አጠገቤ ናቸው። ድምፅህን ሲሰሙ ስልኩን ከእጄ ይወስዱና ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ወዲያ እኔና አንተ የምናወራው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ለእሳቸው ጆሮ የማይሆነውን በወረቀት እልክልሃለሁ። ቡልቻ ከቃሊቲ ጭኖ ወደ ወደቡ በወረደ ቁጥር ያደርስልኛል፤ ሹፌር ቢሆንም ወሬ አያበዛም።

ክረምቱ እየመጣ ነው። አክስቴ ላጢፋ ከወንዙ ዳር ቤት አልወጣም እንዳሉ ናቸው። እኔ እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለት ክፍል ይዤ ብቻዬን እኖራለሁ፤ ኑ እላቸዋለሁ። መልሳቸውን ታውቀዋለህ። አባትህ መኪናውን ይዞ ወደ ጅቡቲ ወርዶ የቀረ ጊዜ አንተ አምስተኛ ክፍል ነበርክ፣ እኔ ገና ፊደል እቆጥር ነበር። መኪናው ድንበሩ ላይ ባዶውን ተገኘ፤ የሰውዬውን ወሬ ያመጣ ግን የለም። «የሚያውቀው ይህን በር ነው፤ መጥቶ ሲያንኳኳ ሌላ ሰው ይክፈትለት?» ይሉኛል።

ባለፈው ምን እንደምሠራ ጠይቀኸኝ ስልኩ ተነጠቀ። መሥሪያ ቤታችን የአቃቂን ወንዝ የሚጠብቅ ማሽን እየሠራ ነው። ከላይ ከከተማው በኩል ካሜራና የውሃ መለኪያ ተተክሏል፤ ድልድዩ አጠገብ ባለው ኮንቴይነር ውስጥ የተቀመጠው ኮምፒዩተር ምስሉን እያየ ውሃው ከፍ ሲል ሳይረን ያስነፋል። እኔ የምሠራው ከርነሉ ላይ ነው፤ ከርነል ማለት ከፕሮግራሞች ሁሉ ሥር ሆኖ ማሽኑን የሚያስተዳድረው ክፍል ነው። ሜሞሪውን፣ ማሽኑ ለጊዜው የሚያስታውስበትን ቦታ፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያድለውም እሱ ነው።

ሜሞሪ የሚታደለው በትንንሽ ገጽ ተከፋፍሎ ነው። የማሽኑ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር የትኛው ገጽ የት እንዳለ በቃሉ የሚይዝባት ጠባብ ቦታ አለችው። የወንዙ ምስል ሲበዛ ገጾቹም ይበዙና በዚያች ቦታ አይያዙም፤ አንዱን ባስታወሰ ቁጥር ሌላውን ይረሳል፣ የረሳውን እንደገና ከሩቅ መዝገብ ይፈልጋል። እንዲህ ሲመላለስ ጊዜ ያልፋል። እኔ አሁን ከርነሉ ለራሱ የሚወስደውን ሜሞሪ በትልልቅ ገጽ እንዲወስድ እያደረግሁ ነው። አንዷ ትልቅ ገጽ የአምስት መቶ አሥራ ሁለት ትንንሾችን ቦታ ትይዛለች፤ ፕሮሰሰሩም አንዷን ካስታወሰ ሁሉን አስታወሰ። ስሞክረው ምስሉ እንደ ሐር ይፈስ ጀመር። ወንዙን በስክሪን ላይ ሳየው ውዬ ወደ ቤት ስሄድ አስፋልቱ ራሱ ከእግሬ ሥር የሚፈስ ይመስለኛል።

እናትህን በምን እንደማሳምናቸው አንድ ነገር በለኝ።

እህትህ ኢንቲሳር


ጅቡቲ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውዷ እህቴ ለኢንቲሳር።

ወዓለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤሽን ቡልቻ አደረሰልኝ። ኪሱ ውስጥ በላብ ርሶ ስለነበር ክሬኑ ላይ ዘርግቼ ሳደርቀው ውዬ ነው ያነበብኩት።

ካልሽው ሥራ የገባኝ ጥቂት ነው፤ ደስ ያለኝ ግን ብዙ ነው። እኔም ቀኑን ሙሉ ከፍታ ላይ ነኝ። የክሬን ሞተር ስፈታ ወደ ታች ካየሁ ባሕሩና ሰማዩ መለያ የላቸውም። ኸምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሳ ሁሉም ነገር አሸዋ ይለብስና መርከቦቹ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። አንዳንዴ እዚያው ቆሜ የት አገር እንዳለሁ ለአፍታ ይጠፋኛል። ያን ጊዜ የሚታየኝ የእኛ ወንዝ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ መኪናውን የሚያጥበው እዚያው ወንዝ ዳር ነበር፤ እኔ ጎማው ላይ ቆሜ ውሃ አቀብለው ነበር።

እማን ከዚያ ቤት አውጪልኝ፤ ዘንድሮ የምጠይቅሽ ይህን ብቻ ነው። ዕቃዋ ቢቀር ይቅር። መጠበቁ ይበቃታል በያት። እኔ እንዳልኩ ግን አትንገሪያት።

ወንድምሽ ሙንታሲር


ኮዬ ፈጬ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰላምና እዝነት ባለህበት ይውረድልህ ወንድሜ።

ዝናቡ ገብቷል። ከኮዬ ወደ ቃሊቲ የሚሄደው አውቶቡስ በጭቃው ላይ እንደ ጀልባ እየተንሳፈፈ ያደርሰናል። ሰው ሁሉ መስኮቱን በእጁ እየጠረገ ውጭ ውጭውን ያያል።

አክስቴ ላጢፋ ጋ ሄጄ «መጠበቁ አይበቃዎትም ወይ?» አልኳቸው። አልተቆጡም። «ትናንት በሕልሜ» አሉኝ፣ «ወንዙ ውስጥ መኪኖች ሲሄዱ አየሁ። በሰልፍ ናቸው፣ መብራታቸው በርቷል። ከውሃው በታች ወደ ባሕር ይወርዳሉ። አንዱም ጡሩምባ አይነፋም።» ከዚያ ተነስተው የጓሮውን ጎመን መቅጠፍ ጀመሩ። እኔም አብሬ ቀጠፍኩ።

የማሽኑን ነገር ልንገርህ፤ ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ማሽኑ አዲስ ሲነሳ ባዶ ሜሞሪ በሽ በሽ ነው፤ ትልቅ ገጽ ሲጠየቅ ይሰጣል። ሳምንታት ሲሠራ ሰንብቶ ግን አንዱ ከዚህ ቆርሶ፣ ሌላው ከዚያ ቆርሶ ሁሉም ቦታ ይሸራረፋል። ሲደመር ብዙ ባዶ አለ፤ ለአንድ ትልቅ ገጽ የሚሆን ሳይቆራረጥ የተያያዘ ባዶ ግን ይጠፋል። የተራ ፕሮግራሞችን ገጽ ከርነሉ አንስቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይችላል፤ ባለቤቱ እንኳ አያውቅም። ከርነሉ ራሱ የያዘው ግን በአብዛኛው አይነሳም። አንዲት የማትነሳ ትንሽ ገጽ መሐል ላይ ካለች ያ ሁሉ ቦታ ትልቅ ገጽ መሆኑ ቀረ።

አለቃችን ወንድዬ «ትልቅ እስኪያገኝ ይጠብቅ፤ ካልተገኘ እያንቀሳቀሰ ቦታ ያስለቅቅ» ይላል። እንግዶች ማሽኑን ሊጎበኙ የሚመጡ ቀን ፍጥነቱ እንዲወርድበት አይፈልግም። እኔ ደግሞ ካጣ ሳይጠብቅ በትንንሹ ወስዶ ይቀጥል እላለሁ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ እሱ ባለው መንገድ ማሽኑን ሳምንታት አሠራነውና ባልደረባዬ ዮዲ ብዙ ምስል በአንድ ጊዜ ለቀቀችበት። ከርነሉ ትልቅ ገጽ ፍለጋ ገባ። ሁሉንም አቁሞ ማንሳትና ማስቀመጥ ያዘ። ስክሪኑ ላይ ያለው ወንዝ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አረፋው እንኳ እንደ ፎቶ ደረቀ። በመስኮቱ በኩል ግን እውነተኛው ወንዝ ይሄዳል። ወንድዬ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ መስኮቱን አየ። ከዚያ «አንቺ እንዳልሽው ይሁን» ብሎ ወጣ።

አሁን የምጠይቅህን በስልክ ልጠይቅህ አልችልም። «አባቴ በሕይወት ሳለ» ብለህ ጽፈሃል። ደጋግሜ አነበብኩት። እኛ ቤት እንዲህ ተብሎ አያውቅም። የምታውቀው ነገር አለ?

እህትህ ኢንቲሳር


ጅቡቲ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኢንቲሳር፤ አላህ ይጠብቅሽ።

በመዘግየቴ ይቅር በይኝ። ቡልቻ መጥቶ ሁለት ጊዜ በባዶ እጁ መልሼዋለሁ፤ ሥራ በዝቶ ነው። ሙቀቱ ቀን ቀን ብረት ያስለቅሳል። ለእማ ሻሽ ልኬአለሁ፤ ቀለሙን እኔ ነኝ የመረጥኩት።

ያ አይነሳም ያልሽው ገጽ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እናቴን ከማሽን ጋር ያመሳሰልሽ መስሎኝ መጀመሪያ ተቀየምኩሽ። እንዲያ አላልሽም፤ ያሰብኩት እኔ ነኝ።

ማሽንሽ ይበርታልሽ። ዝናቡ እንዴት ነው? ወንዙ የት ደርሷል?

ሙንታሲር


ኮዬ ፈጬ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙንታሲር። አስቀድሜ፦ እናትህ ደህና ናቸው። ይህን ካወቅህ በኋላ ሌላውን ረጋ ብለህ አንብብ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አቃቂ ላይ ፀሐይ ነበረች። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ ይመስላል። ከላይ ከእንጦጦ በኩል የዘነበውን እኛ አላየንም። ዮዲና እኔ ቢሮ ውስጥ ነበርን፤ ከድልድዩ ማሽን የሚመጣውን እሷ ታያለች። «የላይኛው መለኪያ ዘለለ» አለች። ከሁሉም ካሜራ ምስል በአንዴ መግባት ጀመረ።

ቆይታ ደግሞ «ትልቅ ገጽ አጣ» አለች።

«ቆመ?»

ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «በትንንሹ ወሰደ። ቀጥሏል።»

ፍጥነቱ ወርዶ ነበር፤ ምስሉ ይንቀረፈፋል፣ ግን አልቆመም። ሳይረኑ በፀሐይ መሐል ነፋ። ወንድዬ ከኋላችን ቆሞ እንደነበር ያወቅሁት «ሂጂ፣ አክስትሽ ጋ ሂጂ» ሲለኝ ነው።

ባጃጅ ይዤ ወረድኩ። ሰው ዕቃውን በራሱ ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ እኔ ወደ ታች እሄዳለሁ። አክስቴ ላጢፋ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። የላክኸውን ሻሽ አስረዋል። ወንዙ ገና ከዳርቻው አልወጣም፤ ድምፁ ግን ተለውጧል፣ ብዙ ሰው በሩቅ የሚያወራ ይመስላል።

«በዚህ ፀሐይ ምን ጎርፍ አለ?» አሉኝ።

«እየመጣ ነው። ይነሱ።»

«አንቺ ሂጂ። እኔ በሩን ትቼ አልሄድም።»

ለመንኳቸው። እጃቸውን ሳብኩ። እንደ ግንድ ከበዱብኝ። የምለው ሲያልቅብኝ አጠገባቸው ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ላስፈራራቸው አልነበረም፤ እሳቸውን ትቼ መሄድ እግሬ እንቢ ስላለኝ ነው። ወንዙን አየን። መጀመሪያ የመጣው የዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ በቀስታ እየዞረ አለፈ። ከዚያ የቆርቆሮ አጥር፣ ከዚያ ቢጫ ጀሪካን። ሁሉም በፀሐዩ ያበራ ነበር። ውሃው የጎመኑ መደብ ላይ ሲደርስ አክስቴ ዞረው ፊቴን አዩኝ።

«አንቺ አትሄጂም?»

«አልሄድም።»

ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። «የሰው ልጅ ይዤ አልሰምጥም» አሉ። በሩን ዘጉ፤ ቁልፉን ግን ላዩ ላይ ተዉት። እጅ ለእጅ ተያይዘን ወጣን፤ አንዴም ዞረው አላዩም።

ሰው አልሞተም፤ አልሐምዱሊላህ። የቤቱን የጓሮ ግድግዳና ግማሽ ጣሪያውን ውሃው ወሰደው። በሩ ቆሟል። አክስቴ አሁን እኔ ጋ አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቆመው በፎቆቹ መሐል የሚታየውን ሜዳ ያያሉ። «ከዚህ በፊት ይህ ሁሉ እርሻ ነበር፤ ጤፉ በነፋስ ሲተኛ ባሕር ይመስል ነበር» ይሉኛል። ድልድዩ አጠገብ በቆሎ ለምትጠብሰው ለወርቅውሃ፣ ሰው ከመጣ የት እንዳሉ እንድትነግርላቸው አደራ ብለዋል። እየሄዱም አደራውን ያድሳሉ።

ሙንታሲር፣ ከዚህ በላይ አልጠይቅህም። ያን ቀን ደጃፉ ላይ ስንቀመጥ ግን እሳቸውን የማስነሳበት ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ያ ቃል አንተ ጋ ያለ ይመስለኛል።

ኢንቲሳር


ጅቡቲ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

እህቴ ኢንቲሳር፣ ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። እማ ከደጃፉ ተነስታ ስለወጣች አላህን አመሰግናለሁ፤ ያስነሳሻትን አንቺንም።

አባቴ እዚህ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የጭነት መኪናዎች የሚያድሩበት ሰፈር አለ። ከዓመት በፊት አንድ ቀን ሻይ ልጠጣ ገባሁ። የቤቱ ባለቤት አደሴ የምትባል የአገራችን ሴት ናት፤ ያረጀች። ብርጭቆውን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች። «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለችኝ። የሹፌር ልጅ ነኝ አልኳት። «አወል የሚባል ሹፌር ነበር፤ ግንባሩ የአንተ ግንባር ነው» አለች።

በመጨረሻው ጉዞው አባቴ ትኩሳት ይዞት እሷ ቤት ወደቀ። ረዳቱ መኪናውን ይዞ ሄደ፤ ወረቀቶቹ ሁሉ መኪናው ውስጥ ነበሩ። ረዳቱ ፈርቶ ይሁን ሌላ፣ መኪናውን ድንበር ላይ ጥሎ ጠፋ። አባቴ ብዙ ቀን አልቆየም። ስሙን እንጂ አገሩን የሚያውቅ ስላልነበረ ለማን ይላካል? የሰፈሩ ሰዎች አጥበው፣ ከፍነው፣ ሶላተል ጀናዛ፣ የቀብሩን ሶላት፣ ሰግደው ቀበሩት። አደሴ መቃብሩን አሳየችኝ። ከባሕሩ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ስም የለውም፣ ድንጋይ ብቻ ነው። ጁምዓ ጁምዓ እሄዳለሁ።

ለምን አልነገርኩም? በመጀመሪያ፣ በስልክ አይነገርም ብዬ ነው። ሄጄ በአካል እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ ባሰብኩት ቁጥር ድምፅዋ ይመጣብኛል። «ዛሬ ደጁን ጠርጌ ዋልኩ» ስትለኝ ደስታ አለባት። ያን ብወስድባት ምን እሰጣታለሁ? እንዲህ እያልኩ ወር ወርን ወለደ። አንቺ ማሽኑ የሚያጣውን አይጠብቅ ብለሽ ስትሟገቺ እኔ እናቴን ለማይመጣ ሰው አስቀምጬ ነበር።

አሁን ፈቃድ አጥቻለሁ፤ መርከቦቹ ተደራርበዋል። አንቺ ንገሪልኝ። እኔን ብትረግመኝም እቀበላለሁ።

ወንድምሽ ሙንታሲር


ኮዬ ፈጬ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙንታሲር። አላህ ለአባትህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቀው፤ ለአንተም ሶብሩን ይስጥህ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ወር አልፏል። ስልክ ስትደውል እናትህ እንደ ወትሮው ስለ ጤና፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ሙቀት ብቻ ሲያወሩህ ምን እንዳሰብክ አላውቅም። ያልነገርኳቸው መስሎህ እንደሆነ፣ ነግሬአቸዋለሁ። ዝም በይ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

የነገርኳቸው ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ ነው። መግቢያ ቃል ፈልጌ አጣሁና ደብዳቤህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ሳነብ ሽንኩርት ይልጡ ነበር፤ መላጡን አላቆሙም። ስጨርስ «ስታጥበው የነበረችው ሴት ማን ናት?» አሉኝ።

«ሴት አላጠበችውም፤ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። አደሴ ያስታመመችው ናት።»

«አደሴ» ብለው ስሙን እንደ ዱዓ ደገሙት። ከዚያ «ቦታው ጥላ አለው?» አሉ። አላውቅም አልኳቸው። ሲመሽ ሻሻቸውን ፈትተው፣ አጣጥፈው፣ አልጋው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ድምፅ አልነበረውም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ሼሁ ጋ ወስጄአቸው ነበር፤ ሼሁም ዒዳው፣ ባል የሞተባት ሴት የምትጠብቀው ጊዜ፣ ከሞተበት ቀን ስለሚቆጠር ድሮ አልፏል ብለዋቸዋል። አንተን አልረገሙህም። «ብቻውን ዓመት ሙሉ ተሸክሞት» ነው ያሉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አየሁ፤ እስካሁን ሕልም ይመስለኛል። ወርቅውሃ ጋ ወርደው አደራውን አነሱ። ከቤቱ የተረፈውን ቆርቆሮ ለጎረቤት ሰጡ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ፎቶ ተነስተው ጠበቁኝ፤ አራት ጉርድ ፎቶ፣ በሁሉም ላይ እንደተቆጡ ናቸው። «ፓስፖርት እንዴት ነው የሚወጣው?» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአዳማ አልፈው የማያውቁ ሴት ናቸው።

ማሽናችን ደህና ነው። አሁን ትልልቆቹን ገጾች ማሽኑ ገና ሲነሳ፣ ሜሞሪው ሳይሸራረፍ አስቀድመን እናስይዛለን፤ ካለቁበት ደግሞ በትንንሹ ይቀጥላል። ወንድዬ ለእንግዶቹ ሲያስረዳ መጀመሪያ የጠቀሰው ፍጥነቱን ሳይሆን አለመቆሙን ነው። ዮዲ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን መታችኝ።

ሙንታሲር፣ ይህን ደብዳቤ ቡልቻ አላመጣልህም። አንድ ሰው ወደ ወደቡ በር ያስጠራህና ወረቀቱን ሰጥቶህ እስክታነብ ቆሞ ይጠብቅሃል። ማንበብ ስለሚያስቸግራቸው ምን እንደጻፍኩ አያውቁም፤ ትናንት ማታ ለባቡሩ ጓዛቸውን ሲያስሩ «ቀድሞ ደብዳቤውን ያንብብ፤ እኔን በድንገት ካየ ይደነግጣል» ብለውኛል። እኔ ግን እንደማታነበው አውቃለሁ። ፖስታውን ተቀብለህ ቀና ስትል እዚህ መስመር ላይ ሳትደርስ እናትህን ታያቸዋለህ።

አሁን ግን ከደረስክ፣ ጠምቷቸዋልና ውሃ ስጣቸው። ከዚያ ወደ አባትህ ውሰዳቸው።

እህትህ ኢንቲሳር